ከአጣጥ ቁጥቋጦ እስከ ጡት ካንሰር መድኃኒት

ከሮቤ ተነስቶ ወደ ሶፍ ዑመር ዋሻ የሚጓዝ መንገደኛ በጎሮ ከተማ ያልፋል። በአማርኛ አጣጥ፣ በኦሮምኛ ኮምቦልቻ እየተባለ የሚጠራው እሾሃማ ቁጥቋጦ ለዚህ አካባቢ ሰው እንግዳ አይደለም። በባሌ ደጋ በየደኑ ዳር ይበቅላል፤ በብዙ የአገራችን ክፍልም ቅጠሉና ሥሩ ለባህል ሕክምና ይፈለጋል። ከዚሁ ከአጣጥ ወገን ከሆነ የኢትዮጵያ ተክል የተገኘ ንጥረ ነገር ዛሬ ለጡት ካንሰር የሚሰጥ የአንድ መድኃኒት መነሻ መሆኑን ግን የሚያውቁ እናቶች ጥቂቶች ናቸው።

ይህን ስንል ቅጠሉን ቀቅሎ መጠጣት ከካንሰር ያድናል ማለታችን አይደለም። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ንጥረ ነገሩ ከታወቀ በኋላ መድኃኒት እስኪሆን 40 ዓመት ያህል ወስዷል። በዚያ ጉዞ ውስጥ ትልቅ ሥራ የሠሩት ደግሞ የላቦራቶሪ አይጦች ናቸው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ተስፋውና ውድቀቱ

በ1960ዎቹ የአሜሪካ መንግሥት ተመራማሪዎች የካንሰር መድኃኒት ፍለጋ ከልዩ ልዩ አገሮች ተክሎችን ያስለቅሙ ነበር። በ1972 በቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩት ሞሪስ ኩፕቻንና ባልደረቦቻቸው ከኢትዮጵያ ከተወሰደው ተክል ማይታንሲን የተባለውን ንጥረ ነገር ለይተው ማውጣታቸውን አስታወቁ። የደም ካንሰር በያዛቸው አይጦች ላይ ሲሞከር ብርቱ ኃይል አሳየ። ወዲያውም ታላቅ ተስፋ ተጣለበት።

ይሁን እንጂ በ1970ዎቹ በሕመምተኞች ላይ ሲሞከር ውጤቱ እንደታሰበው አልሆነም። ከባድ ትውከትና ተቅማጥ፣ እንዲሁም የነርቭ መድከም አስከተለ፤ ጥቅሙም ከጉዳቱ ሳይመዝን በመቅረቱ ሙከራው ተቋረጠ። ምክንያቱ ግልጽ ነበር። ማይታንሲን የካንሰሩን ሕዋስ ከጤናማው ሕዋስ ሳይለይ የሚገድል ኃይለኛ መርዝ ነው።

የሰው ዕባጭ በአይጥ ገላ

የሰው ካንሰር በተራ አይጥ ገላ ውስጥ ቢተከል አይበቅልም። የአይጧ በሽታን የመከላከል ኃይል ባዕድ መሆኑን አውቆ ያጠፋዋል። በ1962 ግን በስኮትላንድ፣ በግላስጎ ከተማ ፀጉር የሌላቸው አይጦች ተወልደው ተገኙ። በ1968 እነዚህ አይጦች ለመከላከያ ኃይል መሠረት የሆነው ታይመስ የተባለው የአካል ክፍል እንደሌላቸው ታወቀ። በ1969 የዴንማርክ ተመራማሪዎች ራይጎርድና ፖቭልሰን ከአንድ ሕመምተኛ የተወሰደ የአንጀት ካንሰር በእነዚህ አይጦች ላይ ተክለው አሳደጉት። ከዚያ ወዲህ ዘዴው በየላቦራቶሪው ተስፋፋ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የሰው የካንሰር ሕዋስ በአይጧ ቆዳ ሥር ወይም በጡቷ ውስጥ ይተከላል። ዕባጩ ሲበቅል አይጦቹ በቡድን ይከፈላሉ። ለአንዱ ቡድን መድኃኒቱ ይሰጣል፤ ሌላው ያለ መድኃኒት ይቆያል። የዕባጩ መጠን በየጊዜው ይለካል፤ የአይጦቹም ክብደት ይመዘናል። ዕባጩ ቢጠፋ እንኳ አይጧ እየከሳች ከሄደች መድኃኒቱ ይጎዳል ማለት ነው።

መርዙ አድራሻ ሲያገኝ

አንዳንድ የጡት ካንሰር ዓይነቶች በሕዋሳቸው ገጽ ላይ ሄር-2 የተባለ ፕሮቲን በብዛት ይታይባቸዋል። ከአምስት ሕመምተኞች አንዷ ያህል ይህ ዓይነት ካንሰር ይገኝባታል። ይህን ፕሮቲን ፈልጎ የሚይዘው ትራስቱዙማብ የተባለ መድኃኒት በ1998 በአሜሪካ ተፈቅዶ ነበር። ተመራማሪዎች የማይታንሲንን ዘመድ ከዚሁ መድኃኒት ጋር አሰሩት። በዚህ መንገድ መርዙ ወደ ካንሰሩ ሕዋስ ተሸክሞ የሚያደርሰው መልእክተኛ አገኘ። የሰው የጡት ካንሰር በተተከለባቸው አይጦች ላይ ሲሞከር፣ ትራስቱዙማብ ብቻውን ያልበገረውን ዕባጭ ጭምር እንደሚያጠቃ በ2008 ታተመ።

ከዚያ ተራው የሰው ሆነ። ካንሰሩ በተሠራጨባቸው 991 ሕመምተኞች ላይ የተደረገው ጥናት በ2012 ታትሞ፣ አዲሱን መድኃኒት የወሰዱት በአማካይ 30.9 ወር፣ ሌላውን ሕክምና የወሰዱት 25.1 ወር በሕይወት መቆየታቸውን አሳየ። በየካቲት 2013 መድኃኒቱ በአሜሪካ ተፈቀደ። ዛሬ ለዚህ የሚያስፈልገው ንጥረ ነገር ከቁጥቋጦ አይለቀምም፤ በ1977 የጃፓን ተመራማሪዎች የማይታንሲንን ዘመድ የሚያመርት ባክቴሪያ በማግኘታቸው፣ እርሾ ሊጥን እንደሚያቦካ ሁሉ ባክቴሪያው በጋን ውስጥ እየተራባ ያመርተዋል።

አይጥ ሰው አይደለችም

በአይጥ ላይ የሠራ ሁሉ በሰው ላይ ይሠራል ማለት አይቻልም። የማይታንሲን የመጀመሪያ ታሪክ ራሱ ምስክር ነው። ፀጉር አልባዋ አይጥ ሙሉ የመከላከያ ኃይል ስለሌላት፣ በሰው ገላ ውስጥ የሚሆነውን ሁሉ ልታሳይ አትችልም። ስለዚህ «በአይጥ ላይ ተሞክሮ ካንሰርን አጠፋ» የሚል ወሬ ስንሰማ፣ በሰውስ ላይ ተሞክሯል ወይ ብለን መጠየቅ ይገባናል።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ለየቤታችን የሚሆን ነው። በጓሮ ተክል ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር መጠኑ አይታወቅም፤ በድስት የተቀቀለ ቅጠል ወይ ምንም አይሠራ፣ ወይ ይመርዝ ይሆናል። ከሁሉ የሚከፋው ግን የሚያልፈው ጊዜ ነው። በአገራችን ብዙ እናቶች ወደ ሐኪም የሚደርሱት ካንሰሩ ሥር ከሰደደ በኋላ ነው። የማያም ጠጣር እብጠት፣ የጡት ቆዳ መሰርጎድ፣ የጡት ጫፍ ወደ ውስጥ መግባት ወይም ደም መሰል ፈሳሽ መታየት የማስጠንቀቂያ ምልክቶች ናቸው። «አያመኝም» ብሎ መቆየት አይገባም፤ በመጀመሪያ ጊዜ ካንሰሩ አብዛኛውን አያምምና።

በጎሮ የምትኖር እናት እብጠት በጡቷ ላይ ካገኘች በቅርቧ ወዳለው ጤና ጣቢያ ትሂድ፤ ከዚያም እንደ አስፈላጊነቱ በሮቤ በኩል ወደ ጎባ ሆስፒታል ትላክ። ባል፣ እናትና እህትም «እስኪ መጀመሪያ ይህን ጠጪ» በማለት ፈንታ፣ የመሣፈሪያውን ገንዘብ አዘጋጅተው፣ ልጆቹን ጠብቀው ቢሸኟት ከሁሉ የሚበልጥ እርዳታ ነው።