ቴኒስ፣ ገና ለሚጫወት ሰው

በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ዙሪያ ገጠር ያደገ ሰው ሩርን በዱላ መምታት ከፈረንጅ አልተማረም። ገና ሲደርስ ጫፉ ቆልመም ያለ ዱላ ተፈልጎ ይቆረጣል። ሩሯ ሜዳ ላይ ከወደቀች ደግሞ ጌታና ሎሌ እኩል ይጋፋል። ቴኒስን ለአገሬ ሰው ለማስተዋወቅ ከዚህ የተሻለ መነሻ አላገኘሁም።

የቴኒስ ዱላ ራኬት ይባላል፤ ፊቱ በአውታር የተወጠረ ነው። ውዱ አውታር ዛሬም ከከብት አንጀት ይሠራል። የበገና አውታር ከበግ አንጀት ሲከር ያየ ሰው ይህ አይገርመውም። ሜዳው 23 ሜትር ከ77 ሳንቲ ሜትር ይረዝማል፤ መሀሉን የሚከፍለው መረብ ወገቡ ላይ 91 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። በገና ጨዋታ እንደሚሆነው መጋፋት የለም፤ ኳሷ በእርስዎ በኩል ሁለቴ ከነጠረች ነጥቡ የባላጋራዎ ነው። አቆጣጠሩ 15፣ 30 ካለ በኋላ 45 መሆን ሲገባው 40 ይላል። ለምን ብለው አይድከሙ፤ ይልመዱት።

ጨዋታውን ጥንት በፈረንሳይ በመዳፍ ይጫወቱት ነበር። የሣር ሜዳውን ቴኒስ ብሪታንያዊው ሻለቃ ዋልተር ዊንግፊልድ በ1874 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን ናቸው) በስሙ አስመዘገበው፤ በ1877 የዊምብልደን ውድድር ተጀመረ። ከዚያ ወዲያ ቴኒስ የባለጸጋ ግቢ ጨዋታ ሆኖ ከረመ። ለድሀ ልጅ በሩን ከከፈቱት አንዱ የአሜሪካ ኮሌጅ ነው፤ ጥሩ የሚመታ ልጅ በነጻ ይማራል፣ ሜዳና አሰልጣኝም ያገኛል።

ጥቁር አሜሪካዊውን ተጫዋች አርተር አሽን እንውሰድ። አባቱ በሪችመንድ የጥቁሮች መጫወቻ ሜዳ ጠባቂ ነበሩ፤ ቤታቸውም እዚያው ነበር። ልጁን ያነጹት ሐኪሙ ሮበርት ዋልተር ጆንሰን ናቸው። በ1957 ዊምብልደንን ያሸነፈችውን አልቲያ ጊብሰንንም ያሠለጠኑ እሳቸው ናቸው። ጆንሰን በግቢያቸው ሜዳ ለልጆቹ አንድ ጥብቅ ትእዛዝ ይሰጡ ነበር፤ ኳሷ ከመስመር ለጥቂት ብትወጣም እንደገባች ቆጥራችሁ መልሱ፣ አትከራከሩ። ነጭ ዳኛ ፊት ጥቁር ልጅ ቢቆጣ ሰበብ ይሆንበታላ! አሽ በሎስ አንጀለሱ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተምሮ በ1965 የኮሌጆች ሻምፒዮን ሆነ። በ1968 የአሜሪካን ኦፕን ሲያሸንፍ አማተር ስለነበር የ14 ሺህ ዶላሩን ሽልማት የወሰደው የተሸነፈው ቶም ኦከር ነው። በ1975 ደግሞ ዊምብልደንን ወሰደ።

የኛስ? በስዊድን የተወለዱት ኤልያስና ሚካኤል ይመር ወላጆቻቸው ኢትዮጵያውያን ናቸው፤ አባታቸው ወንድወሰን ሯጭ ነበር። ወንድማማቾቹ በ2016 የስቶክሆልምን ውድድር በጥንድ አሸነፉ። ሚካኤል በ2023 በዓለም 50ኛ ደረጃ ደረሰ፤ በዚያው ዓመት በዊምብልደን ሁለት የጨዋታ ክፍል ተመርቶ አሜሪካዊውን ቴይለር ፍሪትዝን ረታ። ለአበረታች መድኃኒት ምርመራ የመገኛ አድራሻ የማሳወቅ ደንብ በመጣሱ ወዲያው 18 ወር መታገዱም መነገር አለበት።

ሯጭ የወለደው ልጅ ሜዳና አሰልጣኝ አጠገቡ ሲያገኝ እዚህ ይደርሳል። የትምህርት ቤት ርእሰ መምህራን ሆይ፣ ለመጀመሪያ መረብ እንኳ አያሻም። የመማሪያ ክፍል ጀርባ ላይ፣ መስኮት የሌለው ግድግዳ ፈልጉና ከመሬት 91 ሳንቲ ሜትር ለክታችሁ በኖራ አስምሩ፤ ልጆቹ ከዚያ በላይ ይምቱ።