ሰዓቱ በማን እጅ ነው?

በብዙ ቤት ሳሎን ውስጥ ትልቁ ስቴሪዮ ጌጥ ሆኖ ቀርቷል። ካሴቱ ተሰብስቦ ካርቶን ገብቷል፣ ሲዲው ተጫጭሯል፤ ዘፈኑ በሙሉ ያለው ላፕቶፕና ስልክ ላይ ነው። ሰውም ዘፈኑ ባለበት ማድመጥን ለምዶ፣ የሙሉ ባንድ ሥራ ከሳንቲም ብዙ በማይበልጥ ስፒከር ይሰማል። ይህ ለሙዚቀኞቹ በደል ነው ብዬ አምናለሁ። የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር በሰከንድ 41 ጊዜ ገደማ ይርገበገባል። ይህን ያህል ዝቅ ያለ ድምፅ ጆሯችን እንዲደርስ ብዙ አየር መገፋት አለበት፤ የላፕቶፕ ስፒከር ደግሞ ለዚያ የሚሆን ስፋት የለውም። አእምሯችን ከላይኞቹ ድምፆች ተነስቶ ቤዙን ይገምተዋል እንጂ አንሰማውም።

ዘፈኑን ከኮምፒውተሩ ወደ ስቴሪዮው መላክ ይቻላል። መንገዱ ብዙ ነው፤ በሽቦ፣ በብርሃን፣ በብሉቱዝ፣ በዋይፋይ። የትኛው እንደሚሻል ለመለየት በመጀመሪያ የሚላከው ነገር ምን እንደሆነ ማወቅ ይጠቅማል።

ኮምፒውተር ውስጥ ያለው ሙዚቃ ቁጥር ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 ገበያ ላይ የዋለው ሲዲ፣ ለግራና ለቀኝ ለየብቻ በሰከንድ 44,100 ቁጥር ይይዛል። እያንዳንዱ ቁጥር የድምፁ ሞገድ በዚያች ቅጽበት በ16 ቢት ከሚጻፉት 65,536 ደረጃዎች በየትኛው ላይ እንደነበር ይናገራል። የሰው ጆሮ ቢበዛ በሰከንድ 20,000 ጊዜ ገደማ የሚርገበገብ ድምፅ ይሰማል፤ አንድን ሞገድ ሳያጎድሉ መልሶ ለመሥራት ደግሞ ከርግብግቢቱ እጥፍ በላይ መለካት እንደሚበቃ የሒሳብ ተመራማሪው ክላውድ ሻነን እ.ኤ.አ. በ1949 ባሳተመው ጽሑፍ አስረድቷል። ከ40,000 በላይ ካሉት ቁጥሮች 44,100 የተመረጠው በቴሌቪዥን ምክንያት ነው። የመጀመሪያዎቹ ዲጂታል ቅጂዎች የሚቀመጡት በቪዲዮ መቅረጫ ካሴት ላይ ስለነበር፣ በ50 ኸርዝም በ60 ኸርዝም ከሚሠራው የቴሌቪዥን ሥርዓት ጋር የሚገጥም ቁጥር ተፈለገ። ሁሉም ሲባዛ በሰከንድ 1,411,200 ቢት ይሆናል።

ስፒከር ግን ቁጥር አያውቅም፤ የሚያውቀው ከፍ ዝቅ የሚል ኤሌክትሪክ ነው። ስለዚህ በመንገድ ላይ አንድ ቦታ፣ ዳክ የሚባል ቺፕ ቁጥሩን ወደ ኤሌክትሪክ ሞገድ መለወጥ አለበት። ይህ ለውጥ ላፕቶፑ ውስጥ ይሁን ወይስ ስቴሪዮው አጠገብ? አብዛኛው ሰው የሚጠቀምበት ቀላሉ መንገድ፣ ከላፕቶፑ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ተነስቶ በቀይና በነጭ ጫፍ ስቴሪዮው ጀርባ ላይ የሚሰካው ኬብል፣ ለውጡን ላፕቶፑ ውስጥ ያስጨርሳል። ከዚያ በኋላ በሽቦው የሚሄደው ደካማ ሞገድ የአካባቢውን የኤሌክትሪክ ጫጫታ ሁሉ እየለቀመ ይሄዳል።

ጫጫታው በደንብ የሚታወቀው ዘፈኑ ሲቆም ነው። ስቴሪዮው ‹ኧምምም› እያለ ያጉረመርማል። አዲስ አበባ ከሆነ በ50 ኸርዝና በብዜቶቹ፣ ዋሽንግተን ከሆነ በ60 ነው፤ የየአገሩ መብራት ድግግሞሽ ነውና። ላፕቶፑም ስቴሪዮውም በየሶኬታቸው ግራውንድ ሲኖራቸው፣ የድምፁ ኬብል ሁለቱን ግራውንዶች አገናኝቶ ቀለበት ይሠራል፤ በቀለበቱ ውስጥ ትንሽ ኤሌክትሪክ ይዞራል። ምርመራው ቀላል ነው። ዘፈኑን ያቁሙ፣ ድምፁን ከፍ ያድርጉ፣ የላፕቶፑን ቻርጀር ከሶኬቱ ይንቀሉ። ጉርምርምታው ወዲያው ከጠፋ ጥፋተኛው ቀለበቱ ነው። አንዳንዶች የግራውንዱን ሽቦ ይቆርጣሉ፤ ይህ ሕይወት ሊያስከፍል የሚችል ነገር ነው፣ ፈጽሞ አይደረግ። ስቴሪዮው ኦፕቲካል መግቢያ ካለው፣ ላፕቶፑ ላይ በዩኤስቢ በሚሰካ ትንሽ መለወጫ በኩል ቁጥሩን በኦፕቲካል ኬብል በብርሃን መላክ ይቻላል። ቶሺባ እ.ኤ.አ. በ1983 ባወጣው በዚህ ኬብል ጫፍ ላይ ቀይ ብርሃን ብልጭ ሲል ይታያል። መዳብ የለበትምና ቀለበቱም የለም።

ቁጥሩ ሳይጎድል ደረሰ ማለት ግን ሥራው አለቀ ማለት አይደለም። በሰከንድ 44,100 ስንል፣ የማን ሰከንድ ነው? ኮምፒውተሩ በራሱ ክሪስታል ጊዜ ይቆጥራል፤ ስቴሪዮው ዘንድ ያለው ዳክም እንዲሁ። ሁለቱ ፍጹም እኩል አይመቱም። ልዩነታቸው ከሚሊዮን 50 ብቻ ነው እንበል። ኮምፒውተሩ የሚፈጥነው ከሆነ በየሰከንዱ ሁለት ያህል ቁጥር ይተርፋል፣ በአንድ ሰዓት ወደ 8,000 ይጠጋል። የሚዘገየው ከሆነ ደግሞ ዳኩ የሚያጫውተው ያጣል። በሁለቱም በኩል ጆሮ የሚሰማው ‹ቀጭ› የምትል መቆራረጥ ነው።

ለዚህ ባፈር የሚባል ማጠራቀሚያ ተበጀ። ሥራው የጣራ ላይ ሮቶ ሥራ ነው፤ የመስመሩ ውሃ መጣም ቀረም ቧንቧው መውረዱን አያቆምም። ዋይፋይ ቁጥሩን የሚያመጣው በእሽግ በእሽግ ነው። አንዱ እሽግ ከጎረቤት ራውተር ሞገድ ጋር ተጋጭቶ ቢጠፋ እንደገና ይላካል፤ እስኪመጣ ድረስ ዳኩ ከባፈሩ ይቀዳል። ይሁንና የሚገባውና የሚወጣው ለዘለቄታው እኩል ካልሆነ ማጠራቀሚያው አንድ ቀን ይሞላል ወይ ይደርቃል። ስለዚህ ከሁለቱ ሰዓቶች አንዱ ገዢ መሆን አለበት። በቀድሞው የዩኤስቢ አሠራር ኮምፒውተሩ ገዢ ነበር፤ ሺህ ሥራ ይዞ የሚዋከበው ኮምፒውተር የሚልከውን ምት ዳኩ እያሳደደ ይከተል ነበር። በአሁኖቹ ደህና ዳኮች ነገሩ ተገልብጧል። ዳኩ በራሱ ክሪስታል ይመራል፣ ባፈሩን እያየ ‹ጨምር፣ ቀንስ› ይላል፣ ኮምፒውተሩ ይታዘዛል። በወርቅ ለተለበጠ ኬብል ገንዘብ ከማፍሰስ ዳኩ በራሱ ሰዓት የሚመራ መሆኑን መጠየቅ እጅግ ይሻላል።

ባፈር ዋጋ አለው፤ ያዘገያል። አፕል እ.ኤ.አ. በ2004 ሙዚቃን በዋይፋይ ወደ ስቴሪዮ የሚልክ መሣሪያ ሲያወጣ፣ ተጫወት ብለው በሚጫኑበትና ድምፁ በሚመጣበት ጊዜ መካከል ሁለት ሰከንድ ገደማ ልዩነት ነበረ። ለሙዚቃ ግድ የለም። ለፊልም ግን ተዋናዩ ተናግሮ ከጨረሰ በኋላ ድምፁ ይመጣል።

ብሉቱዝስ? እ.ኤ.አ. በ1994 ስዊድን ውስጥ በኤሪክሰን የተጀመረው ይህ ቴክኖሎጂ በሰከንድ እስከ 1,600 ጊዜ በ79 መስመሮች መካከል እየዘለለ ከሌሎች ሞገዶች ያመልጣል፤ ለአጠቃቀምም የሚመች ነው። ነገር ግን ሁሉም መሣሪያ የሚጋራው መደበኛ የድምፅ አጨማመቁ በተለመደው ከፍተኛ ጥራቱ እንኳ በሰከንድ 328,000 ቢት ያህል ብቻ ያሳልፋል፤ የሲዲው ሩብ እንኳ አይሞላም። ፋይሉ ቀድሞውንም ኤምፒ3 ከሆነ፣ የተጨመቀው ተፈቶ እንደገና ይጨመቃል። ዋይፋይ ግን የሲዲውን ቁጥር ሳይነካ ለማድረስ ከበቂ በላይ አቅም አለው። ብዙ ሰው ለዚህ ኢንተርኔት የሚያስፈልግ ይመስለዋል። ዘፈኑ ኮምፒውተሩ ላይ እስካለ ድረስ መንገዱ ከኮምፒውተር ወደ ራውተር፣ ከራውተር ወደ ስቴሪዮ ነው። ከቤት አይወጣም፣ ዳታ አይበላም፣ ኔትወርክ ቢጠፋም መጫወቱን ይቀጥላል።

በየትኛውም መንገድ ቢላክ፣ ድምፁ የሚቀነሰው ስቴሪዮው ላይ ይሁን። ኮምፒውተሩ ድምፅ የሚቀንሰው ቁጥሮቹን በማሳነስ ነው። በ16 ቢት ሲላክ፣ ቁጥሩ በግማሽ ባነሰ ጊዜ ሁሉ አንድ ቢት ይባክናል፤ ከአራት እንዲህ ያለ ቅነሳ በኋላ 65,536 የነበረው ደረጃ 4,096 ይሆናል፣ ቀስ ብሎ የሚጠፋው የክራር ድምፅም ከስር በሚሰማ ሹክሹክታ ይዋጣል። ላፕቶፑ ሙሉ ላይ ይሁን፤ የኮምፒውተሩ የማስጠንቀቂያ ድምፆችም በትልቁ ስፒከር ቤቱን እንዳያናውጡ አስቀድመው ይዘጉ።