የመረጃ ቋት ፎርማት ሲለወጥ የሰራተኞች መዝገብ እንዳይዛባ መደረግ ያለበት ጥንቃቄ

የሰራተኞቹን መዝገብ በኮምፒዩተር የያዘ መስሪያ ቤት፣ ሶፍትዌሩ ሲያረጅ መረጃውን ወደ አዲስ የፋይል ፎርማት ማሻገር ይኖርበታል። በዚህ ሂደት የሚዛባ አንድ የቅጥር ቀን የሰራተኛውን የአገልግሎት ዘመንና በዚያ መነሻነት የሚሰላውን የጡረታ አበል ስለሚነካ፣ ስራው ለኮምፒዩተር ባለሙያዎች ብቻ የሚተው አይደለም።

በስፋት ከሚታወቁት የመረጃ ቋት ፕሮግራሞች አንዱ ማይክሮሶፍት አክሰስ ነው። ፕሮግራሙ እስከ 2003 እትሙ ድረስ መረጃን በኤምዲቢ ፋይል ያስቀምጥ የነበረ ሲሆን፣ ከ2007 እትም ጀምሮ ኤሲሲዲቢ የተባለው ፎርማት ተተክቷል። ከ2013 እትም ወዲህ ያሉት በአክሰስ 97 የተዘጋጀን ፋይል መክፈት አይችሉም። በመሆኑም እንዲህ ያለ ፋይል በቅድሚያ በ2003፣ በ2007 ወይም በ2010 እትም ተከፍቶ መለወጥ ይኖርበታል።

ይሁንና ፋይሉ ተከፈተ ማለት መረጃው በትክክል ተሻገረ ማለት አይደለም።

የመጀመሪያው ችግር የፊደል ነው። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ በተሰኘው ዓለም አቀፍ የፊደላት መለያ ስርዓት የተካተተው እ.ኤ.አ በ1999 ነው። ቀደምት የአማርኛ ፎንቶች የላቲን ፊደላትን መለያ ቁጥር ይጠቀሙ ስለነበር፣ በእነርሱ የተጻፈ ስም ፎንቱ በሌለበት ኮምፒዩተር ትርጉም የለሽ ምልክት ሆኖ ይታያል። የፋይሉን ፎርማት መለወጥ ይህን አያስተካክልም። ጽሁፉ ለዚያው ፎንት በተዘጋጀ መቀየሪያ ወደ ዩኒኮድ መዛወር ይኖርበታል። አክሰስ ዩኒኮድን መቀበል የጀመረው በ2000 እትሙ በመሆኑም የፊደሉ ስራ ከፋይሉ ለውጥ በኋላ ይከናወናል።

ሁለተኛው ችግር የቀን ነው። የአክሰስ የቀን ዓምድ ለኢትዮጵያ አቆጣጠር የተሰራ አይደለም። ጥቅምት 30 ቀን 1995 ዓ.ም በ30/2/1995 ቢጻፍ፣ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ሁለተኛው ወር 30 ቀን ስለሌለው ተቀባይነት አያገኝም። ጳጉሜን 5 ቀን በ5/13/1995 ሲጻፍ ግን ጉዳቱ የከፋ ነው። ፕሮግራሙ 13ኛ ወር ስለማያውቅ፣ ያለ ማስጠንቀቂያ የአምስተኛው ወር 13ኛ ቀን አድርጎ ይመዘግበዋል። አንባቢውም ጥር 13 ብሎ ያነበዋል። መፍትሄው ቀን፣ ወርና ዓመትን በሶስት የቁጥር ዓምዶች ለይቶ መያዝ ነው። በቆዩ መዝገቦች ደግሞ ከመስከረም እስከ የካቲት ባሉት ወራት በ13ኛው ቀን የተመዘገቡትን ሁሉ ከወረቀት ማህደሩ ጋር ማመሳከር ያስፈልጋል።

ሶስተኛው የጥበቃ ጉዳይ ነው። በኤምዲቢ ፋይል ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ የተለያየ ፈቃድ መስጠት ይቻል ነበር። ኤሲሲዲቢ ይህን ስለማያካትት፣ ከለውጡ በኋላ ደመወዝን የማስተካከል ስልጣን የሌለው ሰራተኛ ዓምዱ ክፍት ሆኖ ሊያገኘው ይችላል።

አዲሱን ፎርማት ለመምረጥ መነሻው የተጠቃሚው ብዛትና መረጃው የሚቆይበት ዘመን ነው። ጥቂት ሰራተኞች ለሚጠቀሙበት አነስተኛ መዝገብ ኤሲሲዲቢ በቂ ሲሆን፣ የአንድ ፋይል መጠኑ ግን ከ2 ጊጋባይት አይበልጥም። ኤስኪውላይት ያለ ክፍያ የሚገኝና የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ለረጅም ጊዜ ክምችት ከሚመክራቸው ፎርማቶች አንዱ ቢሆንም፣ የመመዝገቢያ ቅጾችን ለብቻው ማዘጋጀት ይጠይቃል። በርካታ ቅርንጫፎች በአንድ ጊዜ የሚመዘግቡበት ከሆነ እንደ ፖስትግሬስኪውኤል ያለ በሰርቨር ላይ የሚሰራ ስርዓት ተመራጭ ነው።

በየትኛውም ምርጫ የመጀመሪያው ፋይል ቅጂ ሳይነካ መቀመጥ አለበት። ከለውጡ በፊትና በኋላ የሰራተኞች ብዛትና የደመወዝ ድምር እኩል መሆናቸው መረጋገጥ ይኖርበታል። በናሙና የተመረጡ ማህደሮችንም የሰው ሀብት ሰራተኞች ከወረቀቱ ጋር አመሳክረው ሊፈርሙባቸው ይገባል። አሮጌው ስርዓት ከአገልግሎት መውጣት ያለበት ይህ ሁሉ ከተጠናቀቀ በኋላ ነው።