የፖርሽ 911 ዋጋ በካምቢዮው ይለያል

ሞዴላቸውም፣ ሞተራቸውም፣ ቀለማቸውም አንድ የሆነ ሁለት ያገለገሉ መኪኖች ለሽያጭ ቢቀርቡ ዋጋቸው እኩል ይሆናል ብሎ የሚገምት ነጋዴ ብዙ ነው። የጀርመኑ ፖርሽ 911 ግን ይህን ግምት ያፈርሳል። በአውሮፓና በአሜሪካ የአሮጌ ስፖርት መኪና ገበያ ነገሩን የሚያውቅ ገዢ አስቀድሞ ከሚጠይቃቸው ነገሮች አንዱ ካምቢዮው የትኛው ነው የሚለው ነው። ምክንያቱ እንደሚከተለው ነው (ዓመታቱ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)።

መኪናው በ1963 በፍራንክፈርት ትርዒት ላይ ሲቀርብ ስሙ 901 ነበር። ፔዦ መካከላቸው ዜሮ ያለባቸው ባለ 3 አሃዝ ስሞች የእኔ ናቸው ብሎ በመቃወሙ ስሙ ወደ 911 ተለወጠ፤ የቀድሞው ቁጥር ግን ለካምቢዮው ቀረ። በባለ 5 ማርሹ 901 ካምቢዮ አንደኛ ማርሽ በግራ በኩል ወደ ታች ነው። አንደኛ ለመነሻ ብቻ በሚያገለግልበት እሽቅድድም ይህ ይመቻል። በከተማ መንገድ ግን በየመብራቱ ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ ዱላውን ማጠማዘዝ አሰልቺ ነው።

ሞተሩ እየጎለበተ ሲሄድ ካምቢዮውም መጠንከር ነበረበት። በመሆኑም ባለ 2.4 ሊትሩ የ1972 ሞዴል 915 የተባለውን ካምቢዮ ይዞ መጣ። በዚህኛው አንደኛና ሁለተኛ በአንድ መስመር ላይ ሲሆኑ፣ የኋላ ማርሽ በቀኝ ከአምስተኛ በታች ነው። ይሁን እንጂ 915 ችኮላ አይወድም። ማርሾቹ ከመጋጠማቸው በፊት ፍጥነታቸውን የሚያስተካክሉት ቀለበቶች ይበላሉ፤ ዘይቱ ሳይሞቅም ሁለተኛ ማርሽ ማስገባት ያስቸግራል።

ለውጡ የመጣው በ1987 ሞዴል ነው። የጌትራግ ሥሪት የሆነው ጂ 50 ካምቢዮ በካሬራ 3.2 ላይ ተገጠመ። የቀለበቶቹ አሠራር ተለወጠ፤ ፍሪሲዮኑም በገመድ መሳቡ ቀርቶ በዘይት ግፊት መሥራት ጀመረ። ካሬራ 3.2 ከ1984 እስከ 1989 የተሠራ በመሆኑ፣ የ1986ቱና የ1987ቱ በመልክ ቢመሳሰሉም የኋለኛው ብዙውን ጊዜ የተሻለ ዋጋ ይጠየቅበታል።

ልዩነቱ ጎልቶ የሚታየው በቱርቦው ላይ ነው። በ1975 የወጣው ይህ መኪና እስከ 1988 ድረስ ባለ 4 ማርሽ ነበር። አምስተኛ ማርሽ ያገኘው በ1989፣ በመጨረሻው የምርት ዓመቱ ነው። በዚህም የተነሳ የ1989 ቱርቦ ሰብሳቢዎች የሚሻሙበት ሆኗል። ከዚያ በኋላ በ1993 ማብቂያ የተዋወቀውና በአየር ከሚቀዘቅዙት 911ዎች የመጨረሻ የሆነው 993 ባለ 6 ማርሽ ሆኖ መጣ።

ገዢ ምን ያስተውል? አንደኛ፣ የኋላ ማርሹ ያለበትን ቦታ ይፈትሽ። ጂ 50 ከሆነ በግራ ወደ ላይ፣ 915 ከሆነ በቀኝ ወደ ታች ነው። የዱላው እጀታ ሊቀየር ስለሚችል በላዩ የተጻፈውን ብቻ ማመን አይበቃም። ሁለተኛ፣ መኪናውን ሞተሩ ሳይሞቅ ይንዳው። አስቀድሞ የተሞቀ መኪና የሁለተኛን ማርሽ ችግር ይደብቃል። ሦስተኛ፣ ዱላው ላላ ብሎ ቢገኝ ወዲያው አይደንግጥ። ካምቢዮው ከኋላ ስለሆነ ከዱላው ጋር የሚያገናኘው ረጅም ዘንግ ነው፤ የዘንጉ ጎሚኒዎች ቢያልቁ በትንሽ ወጪ ይቀየራሉ። ማርሽ ሲገባ የሚጮህ ከሆነ ግን ካምቢዮው ወርዶ መከፈቱ ስለማይቀር ወጪው ከዋጋው ላይ መቀነስ አለበት።

አሮጌውን መኪና ገዝቼ ጂ 50 እገጥምበታለሁ የሚልም ሒሳቡን ደግሞ ይሥራ። ጂ 50 ከ915 ስለሚረዝም ፋብሪካው ራሱ የኋለኛውን የብረት ቱቦ ቅርጽ ለመለወጥ ተገዷል። ስለዚህ ለውጡ ብረት መቁረጥና መበየድ ይጠይቃል፤ አብሮት የተወለደውን ካምቢዮ ያጣ መኪናም በሰብሳቢ ዘንድ ዋጋው ይወርዳል።

ቀለም በዓይን ይታያል፤ ካምቢዮ ግን የሚታወቀው ሲነዱት ነው። ቀብድ ከመክፈል በፊት መንዳት የሚያዋጣውም ለዚህ ነው።