የሕፃናት የጆሮ ሕመምና የጥምር መድኃኒት አጠቃቀም

ከአምስቱ የስሜት ሕዋሳት መካከል ለቋንቋ ትምህርት ዋነኛው በር ጆሮ ነው። ሕፃን ልጅ መናገርን የሚማረው በመስማት ነው፤ ወላይትኛም ሆነ አማርኛ ከአፍ ከመውጣቱ በፊት በጆሮ ይገባል። ስለሆነም የሕፃንን ጆሮ የሚጎዳ ሕመም ትምህርቱንም ሊጎዳ ይችላል። በዚህ ምንባብ በሕፃናት ላይ ዘወትር ስለሚታየው የመካከለኛ ጆሮ ሕመምና ለሕመሙ ከሚታዘዙት መድኃኒቶች ስለ አንዱ እንመለከታለን። መድኃኒቱ አሞክሲሲሊንና ክላቩላኒክ አሲድ የተባሉትን ሁለት መድኃኒቶች አንድ ላይ የያዘ ሲሆን፣ በብዙዎች ዘንድ ኦግመንቲን በሚለው የንግድ ስሙ ይታወቃል።

መካከለኛው ጆሮ ከጆሮ ታምቡር በስተጀርባ የሚገኝ፣ አየር ያለበት ትንሽ ክፍል ነው። ይህ ክፍል ከአፍንጫው የኋላ ክፍል ጋር በቀጭን ቱቦ ይገናኛል። የሕፃናት ቱቦ አጭርና አግድም የተኛ ነው፤ ጉንፋን ሲይዛቸውም በቀላሉ አብጦ ይዘጋል። በዚህ ጊዜ ከታምቡሩ ጀርባ ፈሳሽ ይጠራቀማል፤ በፈሳሹም ውስጥ ባክቴሪያዎች ይራባሉ። ሕፃኑ ያተኩሰዋል፤ ጆሮውን ይጎትታል፤ ሌሊት ያለቅሳል፤ ምግብ ይጠላል። ታምቡሩ ከተበሳ ደግሞ መግል ይወጣል።

የጆሮ ሕመም ሁሉ ይህን መድኃኒት ይፈልጋል ማለት ግን አይደለም። ብዙው በጥቂት ቀናት ውስጥ በራሱ ይሻላል። በቫይረስ የመጣ ከሆነም ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት አይረዳውም። ሐኪሙ መድኃኒት ያስፈልጋል ብሎ ሲወስን አብዛኛውን ጊዜ በቅድሚያ የሚያዘው አሞክሲሲሊንን ብቻውን ነው። ጥምሩ የሚታዘዘው ለምሳሌ ሕፃኑ በአሞክሲሲሊን በ2 ወይም በ3 ቀን ውስጥ ሳይሻለው ሲቀር ነው።

ሁለቱ መድኃኒቶች ለምን ተጣመሩ? አሞክሲሲሊን ባክቴሪያው የውጭ ግድግዳውን እንዳይሠራ በማድረግ ይገድለዋል። አንዳንድ ባክቴሪያዎች ግን ቤታ ላክታሜዝ የተባለ ኢንዛይም በማመንጨት መድኃኒቱን ይሰብሩታል። ክላቩላኒክ አሲድ ይህን ኢንዛይም ይዞ ከሥራ ውጭ ያደርገዋል። ራሱ ባክቴሪያን የመግደል ኃይሉ አነስተኛ ነው፤ ሥራው እንደ ጋሻ ጃግሬ አሞክሲሲሊንን መጠበቅ ነው። ይህ ጥምር መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ1981 በእንግሊዝ አገር ለገበያ ቀረበ።

እንግዲህ እናንተ ተማሪዎች በዚህ ጉዳይ ውስጥ ምን ድርሻ አላችሁ? አንዲት እናት ከቦዲቲ ወይም ከአረካ አካባቢ የታመመ ልጇን አዝላ ወደ ሶዶ ሄደች እንበል። ሕፃኑ ታየ፤ መድኃኒትም ተሰጠው። በጠርሙሱ ላይ ያለው ጽሑፍ ግን በእንግሊዝኛ ነው፤ በቤት የሚነገረው ደግሞ ወላይትኛ ነው። ከቤተ ሰቡ መካከል ጽሑፉን ማንበብ የሚችለው የ9ኛ ወይም የ10ኛ ክፍል ተማሪ የሆነው ታላቅ ወንድም ወይም ታላቅ እኅት ሊሆን ይችላል። የሕፃኑ ጤና በዚያ ተማሪ ጥንቃቄ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ቀጥሎ የተዘረዘሩትን ነጥቦች በሚገባ ልታውቋቸው ይገባል።

በመጀመሪያ፣ መጠኑን የሚወስነው ሐኪም ነው። መጠኑ የሚሰላው በሕፃኑ ክብደት ነው፤ ስለሆነም ለጎረቤት ልጅ የታዘዘው ለእናንተ ወንድም አይሆንም። ሕፃኑ ከዚህ ቀደም ፔኒሲሊን ወስዶ ሰውነቱ ተቆጥቶ ከነበረ፣ ወይም ይህንኑ ጥምር መድኃኒት ወስዶ ዐይኑ ቢጫ ሆኖ ከነበረ፣ ሳይዘነጋ ለሐኪሙ መነገር አለበት።

ሁለተኛ፣ በጠርሙሱ ላይ ያለውን ቁጥር አንብቡ። የሽሮፑ ጥንካሬ የተለያየ ነው። በአንዱ ጠርሙስ 5 ሚሊ ሊትር ውስጥ 125 ሚሊ ግራም አሞክሲሲሊን ሲኖር፣ በሌላው 250 ሚሊ ግራም ይኖራል። የታዘዘው ባለ 250ው ሆኖ ሳለ ባለ 125ቱ በዚያው ልክ ቢሰጥ፣ ሕፃኑ የሚያገኘው የሚገባውን ግማሽ ብቻ ነው። የክላቩላኒክ አሲዱም ምጣኔ በየዓይነቱ ስለሚለያይ የአዋቂ እንክብል ከፍሎ መስጠት አይገባም።

ሦስተኛ፣ መድኃኒቱ በዱቄት መልክ ከተሰጠ አበጣጠሱን ከመድኃኒት ቤቱ ተረዱ። ፈልቶ የቀዘቀዘ ንጹሕ ውኃ በጠርሙሱ ላይ እስከተመለከተው ምልክት ድረስ ይጨመራል። ውኃው ከበዛ መድኃኒቱ ይቀጥናል፤ ካነሰም ይበረታል። የተበጠበጠበትን ቀን በጠርሙሱ ላይ ጻፉ። ከመስጠታችሁ በፊት ሁልጊዜ በደንብ ነቅንቁት።

አራተኛ፣ በወጥ ቤት ማንኪያ አትለኩ፤ የማንኪያ መጠን ከቤት ቤት ይለያያልና። ከመድኃኒቱ ጋር የሚሰጠውን መለኪያ ወይም መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ተጠቀሙ። መድኃኒቱ በምግብ መጀመሪያ ላይ ሲሰጥ ሆድን እምብዛም አያውክም።

አምስተኛ፣ ሰዓቱንና ዘመኑን አታሳስቱ። በቀን 2 ጊዜ ማለት በየ12 ሰዓቱ ማለት ነው። ጠዋት በ1 ሰዓት የተሰጠው ማታ በ1 ሰዓት ይደገማል። በፈረንጅ ሰዓት 7 ተብሎ ከተጻፈ በእኛ አቆጣጠር 1 ሰዓት ነው። የመድኃኒቱ ማብቂያ ጊዜም በፈረንጅ ዘመን ይታተማል። በጥቅሉ ላይ 2025 የሚል ቢገኝ እንደ ወሩ በእኛ 2017 ወይም 2018 ዓ.ም. ማለት ነው፤ በእኛ አቆጣጠር 2025 ዓ.ም. መስሎት ገና ብዙ ዓመት አለው የሚል ሰው ያለፈበትን መድኃኒት ለሕፃን ይሰጣል።

ስድስተኛ፣ የተበጠበጠው ሽሮፕ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ ቅዝቃዜ፣ በማቀዝቀዣ ውስጥ ይቀመጣል። እንደ ዓይነቱ ከ7 ወይም ከ10 ቀን በኋላም ይወገዳል። በገጠር ቤቶች፣ በተለይም እንደ ሁምቦ ባሉ ሞቃት ቦታዎች፣ ማቀዝቀዣ ላይኖር ይችላል። እንዲህ ከሆነ መድኃኒቱ ሳይበጠበጥ በፊት ለመድኃኒት ቤቱ ባለሙያ ንገሩ፤ በእያንዳንዱ ጊዜ በውኃ የሚሟሟ እንክብል ተገኝቶ ሊታዘዝ ይችላልና። ማቀዝቀዣ እንደሌለ መናገር የሚያሳፍር ነገር አይደለም።

ሰባተኛ፣ ሕፃኑ ተሻለው ብላችሁ መድኃኒቱን በራሳችሁ አታቋርጡ፤ የተረፈውንም ለሌላ ጊዜ አታስቀምጡ። ፔኒሲሊንን ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ እ.ኤ.አ. በ1945 የኖቤል ሽልማት ሲቀበል፣ መድኃኒቱን ከሚገባው በታች መውሰድ ባክቴሪያን እንደሚያለማምድ አስጠንቅቆ ነበር። ያለ ሐኪም ማዘዣ ከመድኃኒት ቤት ገዝቶ መስጠትም ያንኑ ጉዳት ያስከትላል። ዛሬ ያላግባብ የተሰጠ መድኃኒት ነገ በእውነት ሲያስፈልግ አልሠራም ሊል ይችላል።

መድኃኒቱ ተቅማጥ፣ ማስታወክ ወይም ሽፍታ ሊያስከትል ይችላል። ሽፍታ ከታየ ቀጣዩን ከመስጠት በፊት ሐኪም ይጠየቅ። የሕፃኑ ፊት ወይም ከንፈር ቢያብጥ፣ ትንፋሽ ቢያጥረው፣ ወይም ዐይኑ ቢጫ ቢሆን መድኃኒቱ ቆሞ ያለ መዘግየት ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ። ከጆሮው በስተጀርባ የሚያም እብጠት ከወጣ፣ አንገቱ ከደረቀ ወይም ከደነዘዘም እንዲሁ። ለሕመሙ ማስታገሻ ፓራሲታሞል በታዘዘው ልክ ይሰጣል፤ አስፕሪን ግን ለሕፃናት አይሰጥም።

መግል የሚወጣበት ጆሮ በንጹሕና በተጠቀለለ ጨርቅ ይደርቃል። ዘይት፣ ቅቤ ወይም የቅጠል ጭማቂ ጨርሶ አይጨመርበትም። መግሉ 14 ቀንና ከዚያ በላይ ከቆየ ሕመሙ ሥር የሰደደ ስለሚባል ሕክምናውም ይለያል፤ ቀድሞ የነበረውን ሽሮፕ መደጋገም ሳይሆን ወደ ጤና ጣቢያ መመለስ ያስፈልጋል። ጡት ማጥባት፣ ሕፃናትን ከጭስ ማራቅና ክትባትን በወቅቱ ማስከተብ ሕመሙን ይቀንሳሉ። ለጆሮ ሕመም ምክንያት ከሚሆኑት አንዱ የሆነውን ኒሞኮከስን የሚከላከለው ክትባት በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2011 ተጀምሯል።

እንግዲህ አንድ ቁጥር በትክክል ማንበብ፣ አንድ ቀን በጠርሙስ ላይ መጻፍ፣ ያልገባን ነገር መልሶ መጠየቅ ትናንሽ ተግባራት ይመስላሉ። ነገር ግን ሕፃኑ የእናቱን ድምፅ፣ ነገም የመምህሩን ቃል አጥርቶ እንዲሰማ የሚያደርጉት እነርሱ ናቸው።

መልመጃ

1. «ጋሻ ጃግሬ» የሚለው ቃል በምንባቡ ውስጥ ለምን ነገር ተመሰለ? ምክንያቱን አስረዱ።
2. «ከመስጠታችሁ በፊት ሁልጊዜ በደንብ ነቅንቁት» በሚለው ዐረፍተ ነገር ውስጥ ያለውን ትእዛዝ አንቀጽ ለይታችሁ ለሁለተኛ መደብ ነጠላ ሴት ለውጡት።
3. ማንበብ ለማይችሉ አንዲት እናት የምታስረዱ በማስመሰል፣ ሽሮፕ የሚበጠበጥበትንና የሚሰጥበትን ቅደም ተከተል ከ10 በማይበልጡ አጫጭር ዐረፍተ ነገሮች ጻፉ።