በጀማሪ ነርስ አጠገብ ማን ይቁም? ከወረርሽኙ ወዲህ የነርሶች ድጋፍ፣ ከጎንደር እስከ ድባጤ

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተረጋገጠ ብዙም ሳይቆይ ዩኒቨርሲቲዎችና ኮሌጆች ተዘጉ። የነርሲንግ ተማሪውም እንደ ሌላው ተማሪ ቤቱ ገባ። በሮቹ ሲከፈቱ ያለፈው ትምህርት በተጣበበ ጊዜ ተሸፈነ። የክፍል ትምህርትን እንዲህ ማካካስ ይቻላል፤ ዋርድ ውስጥ በአንጋፋ ነርስ ዓይን ሥር የሚገኘውን ልምምድ ግን በደብተር መተካት አይቻልም። በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል መተከል ዞን ደግሞ መከራ በመከራ ተደረበ። ጥር 4 ቀን 2013 ዓ.ም. በድባጤ ወረዳ ዳለቲ ላይ ከ80 በላይ ሰዎች መገደላቸውን የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን አስታወቀ፤ በዞኑም ከ100 ሺህ በላይ ሕዝብ ተፈናቀለ። እንዲህ ባለ አካባቢ የሚመደብ ጀማሪ ነርስ ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው ከአዳራሽ ሥልጠና ይልቅ አጠገቡ ቆሞ እጁን የሚያይለት ሰው ነው ብዬ አምናለሁ።

ምክንያቱ ሥራው ራሱ ነው። በ2024 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ኢትዮጵያ ውስጥ ከ7 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን ተመዝግበዋል፤ ቆላማው ቤኒሻንጉል ጉሙዝም ወባ ከማይለቃቸው ክልሎች አንዱ ነው። ሌሊት ተረኛ የሆነች ነርስ ራሱን የሳተ ሕፃን ሲመጣላት የወባ መድኃኒት የሆነውን የአርቴሱኔት ዱቄት በባይካርቦኔት ትበጠብጣለች፣ በሳላይን ታቀጥናለች፣ መጠኑን በኪሎ ታሰላለች። ከ20 ኪሎ በታች ለሆነ ልጅ በኪሎ 3 ሚሊግራም ነው፤ ከዚያ በላይ ለሆነው 2.4። ከ12 እና ከ24 ሰዓት በኋላ ይደገማል። ይህን ሁሉ መጽሐፉ ይነግራታል። ፈሳሽ ከሰውነቱ ያለቀ ሕፃን ደም ሥሩ ጠፍቶ ካኑላው አልገባ ሲል እጅ የሚረጋው ግን ከዚህ በፊት ሰው አጠገቧ ቆሞ ካስገባች ብቻ ነው። በዚህ ላይ ጉሙዝኛ፣ ሺናሽኛ፣ አማርኛ፣ ኦሮምኛና አገውኛ የሚናገር ሕዝብ ባለበት ወረዳ የቋንቋ ጉዳይ አለ። በጉሙዝ ሴት ከቤት ወጥታ ብቻዋን የምትወልድበት ልማድም ገና አልጠፋም፤ እናትየዋን ሳያስቀይሙ ወደ ጤና ጣቢያ ማምጣት እንዴት እንደሚቻል የምታሳየው አካባቢውን የኖረችበት ነርስ ወይም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት።

አገራችን በሥራ ቦታ እያሠሩ ለማስተማር እንግዳ አይደለችም። በ1940ዎቹ አጋማሽ በጎንደር አካባቢ በደንቢያ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ 7 ሺህ ገደማ ሰው ከጨረሰ በኋላ፣ በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። ኮሌጁ ጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የጤና አጠባበቅ ባለሙያዎችን በቡድን አድርጎ ወደ ገጠር ጤና ጣቢያዎች ይልክ ነበር፤ ተማሪው በሚሠራበት ቦታ ከሌሎች ጋር ሆኖ ይማራል። ኤች አይ ቪም ሁለተኛው ትምህርት ነው። ነፃው መድኃኒት በ1997 ዓ.ም. ከተጀመረ በኋላ ሐኪም በሌለባቸው ጤና ጣቢያዎች ሕክምናውን የተሸከሙት በአብዛኛው ነርሶች ነበሩ። ሸክሙን መቻላቸው እየተመላለሱ ካርድ የሚያዩ፣ ሕመምተኛውንም አብረዋቸው የሚመረምሩ አማካሪዎች ስለነበሩ ጭምር ነው። ከሁለቱ ወረርሽኞች የወጣው ልምድ ለኮሮና ማግስት ትውልድ ሳይተርፍ መቅረቱ ያሳዝናል።

ፈተናው ለምን ተቀመጠ የሚል አለ። የጤና ባለሙያዎች የብቃት ምዘና በ2011 ዓ.ም. ተጀምሯል፤ በ2015 ደግሞ የዩኒቨርሲቲ መውጫ ፈተና ተጨመረ። ሁለቱም አስፈላጊ ናቸው። ነገር ግን የምርጫ ጥያቄ የሚለካው የሚታወቀውን ነው። ልምምዱ በኮሮና የተቆራረጠበት ተማሪ አልፎ ሊገባ ይችላል፤ ያለፈው ቀለሙን ነው፣ የጎደለው ግን የእጁ ሥራ ነው።

ከባዱ ተቃውሞ ሌላ ነው፦ አንጋፋው ነርስ ራሱ ጥቂት ሲሆን ማን ይመደባል? የዓለም ጤና ድርጅት እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2020 ባወጣው ሪፖርት ዓለም 5.9 ሚሊዮን ነርስ እንደሚጎድላት ገልጿል፤ እኛ ዘንድ ደግሞ ጤና ጣቢያው ሰው ሲያንሰው የተመረቀ ነርስ ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል። እጥረቱ እንግዲህ የሰው ብቻ ሳይሆን የበጀት ጭምር ነው። በየጤና ጣቢያው አንጋፋ ማስቀመጥ ካልተቻለ ጀማሪው ብቻውን ሌሊት ከመግባቱ በፊት በፓዊ ወይም በአሶሳ ሆስፒታል ጥቂት ወራት ይቆይ፤ ከዚያ በኋላም በስልክ የሚያገኛት፣ በየጊዜው መጥታ አብራው የምትውል አንዲት አማካሪ ትኑረው። እርሷም የምታስተምርበት ሰዓት በተራ ሰንጠረዡ ላይ እንደ ሥራ ይመዝገብላት፣ ክፍያም ይታሰብላት። አሁን ማስተማር በአብዛኛው በሰው ደግነት የሚሠራ ነው፤ ዋርድ ሙሉ ሕመምተኛ ከያዘች ነርስ ደግነትን ብቻ መጠበቅ ፍትሕ አይደለም።