መዝገብ ሲዘጋ ምን ይቆጠራል? መረጃ፣ ቀጠሮ እና የፍትሕ ሥርዓት ማሻሻያ



ንግግሬን በአንድ መዝገብ ልጀምር። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ለጥናት ሥራ የተዘጉ የፍትሐ ብሔር መዛግብትን ሳገላብጥ፣ አንዲት እናት ለልጇ ቀለብ የጠየቀችበት መዝገብ እጄ ገባ። የመጀመሪያው ቀጠሮ የተላለፈው ለተከሳሹ መጥሪያ ባለመድረሱ ነው። ሁለተኛውም በዚሁ ምክንያት ተላለፈ። ሦስተኛው ዳኛው ሥልጠና ላይ በመሆናቸው ተለወጠ። አራተኛው፣ ተከሳሹ የሚሠራበት መሥሪያ ቤት የደመወዙን መጠን እንዲገልጽ ለተጻፈለት ትእዛዝ መልስ ባለመስጠቱ ተላለፈ። በአምስተኛው ቀጠሮ ሴትዮዋ አልመጣችም። የመጨረሻው ትእዛዝ አጭር ነው፤ ከሳሽ ባለመቅረቧ መዝገቡ ተዘግቷል፣ ወደ መዝገብ ቤት ይመለስ።

በፍርድ ቤቱ የዓመት ሪፖርት ይህ መዝገብ እልባት ካገኙት ጋር ተደምሯል። ማንም አልዋሸም። የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ቅጹ የጠየቃትን በትክክል ሞልታለች። ቅጹ የጠየቃት መዝገቡ መዘጋቱን እንጂ ልጁ ቀለብ ማግኘቱን አልነበረም። የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 37 ግን ለማንኛውም ሰው ያረጋገጠው በፍርድ ሊወሰን በሚገባው ጉዳይ ላይ ውሳኔ ወይም ፍርድ የማግኘት መብት ነው። በዛሬው ንግግሬ ላሳይ የምሞክረው፣ የፍትሕ ሥርዓትን በመረጃ ለማሻሻል ስንነሣ ከኮምፒውተሩም ከሶፍትዌሩም አስቀድሞ የሚመጣው ጥያቄ «የምንቆጥረው ምንድን ነው?» የሚለው መሆኑን ነው።

የፍርድ ቤት ሥራ በዓለም ላይ በብዛት የሚለካባቸው ሁለት ስሌቶች አሉ። በአውሮፓ ምክር ቤት ሥር እ.ኤ.አ. በ2002 የተቋቋመው የፍትሕ ቅልጥፍና ኮሚሽንም አገሮችን የሚያነጻጽረው በእነዚሁ ነው። አንደኛው የማጥራት ምጣኔ ሲሆን፣ በዓመቱ የተዘጉት መዛግብት በዓመቱ ለተከፈቱት ተካፍለው በመቶኛ የሚገለጽበት ነው። ሁለተኛው በዓመቱ መጨረሻ በቀጠሮ ላይ የቀሩትን መዛግብት ለተዘጉት አካፍሎ በ365 በማባዛት፣ አንድ ጉዳይ እልባት ለማግኘት ስንት ቀን እንደሚፈጅ የሚገመትበት ነው። ሁለቱም ጠቃሚዎች ናቸው፤ በአገራችን ፍርድ ቤቶች ሪፖርቶችም የመጀመሪያውን ዘወትር እንሰማዋለን። ችግሩ በምሳሌ የተሻለ ይታያል።

እንበልና አንድ ፍርድ ቤት በዓመት 1,000 መዛግብት ከፍቶ 1,050 ዘጋ። የማጥራት ምጣኔው 105 በመቶ ነው፤ ያስመሰግናል። በዓመቱ መጨረሻ 500 መዛግብት ቀርተውታል። ስሌቱ አንድ ጉዳይ በ174 ቀን ገደማ እንደሚያልቅ ይነግረናል። አሁን ቁጥሩን እንበትነው። ከተዘጉት ውስጥ 800ዎቹ የወራሽነት ማስረጃና የሞግዚትነት ጥያቄን የመሳሰሉ፣ ተከራካሪ የሌለባቸውና በአንድ ወይም በሁለት ቀጠሮ የሚያልቁ አቤቱታዎች ይሁኑ። ክርክር ያለባቸው 250 ብቻ ናቸው። የቀሩት 500 ደግሞ ሁሉም ክርክር ያለባቸው ናቸው። ስሌቱን ለእነዚህ ብቻ ስንሠራው ውጤቱ 730 ቀን፣ ማለትም ሁለት ዓመት ይሆናል። ፍርድ ቤቱ ያው ነው፣ ዓመቱም ያው ነው። በቤት ወይም በውል ጉዳይ የሚሟገተው ሰው የሚኖረው በሁለተኛው ቁጥር ውስጥ ሲሆን ለምክር ቤት የሚቀርበው ግን የመጀመሪያው ነው።

በወንጀል ጉዳይ ነገሩ ይብሳል። ፖሊስ ተከሳሹን ሊያቀርብ ባለመቻሉ፣ በተገኘ ጊዜ ክሱን ማንቀሳቀስ ይቻላል ተብሎ የሚዘጋው መዝገብ እንደ ተወሰነ ከተቆጠረ፣ ተከሳሽን አለማቅረብ የፍርድ ቤቱን አፈጻጸም ከፍ የሚያደርግ ተግባር ሆነ ማለት ነው። ይኸው መዝገብ ሲንቀሳቀስ እንደ አዲስ ተቆጥሮ ዳግመኛ ቢዘጋ ደግሞ አንድ ጉዳይ ሁለት ጊዜ እልባት አገኘ ይባላል። በበጀት ዓመቱ መዝጊያ በሰኔ የመዝጊያ ትእዛዞች ሲበዙ ያየ የሕግ ባለሙያ የምለውን ያውቃል።

ከዚህ ጋር የተያያዘ ሌላ ጉድለት አለ። ፖሊስ የሚቆጥረው የምርመራ መዝገብ ነው፤ ዐቃቤ ሕግ የራሱን መዝገብ ቁጥር ይሰጣል፤ ፍርድ ቤቱም እንዲሁ፤ ማረሚያ ቤቱ ግን የሚቆጥረው ሰው ነው። በአንድ መዝገብ ስድስት ተከሳሾች ሊኖሩ፣ በአንድ ሰው ላይም ሦስት መዝገብ ሊከፈት ይችላል። በእነዚህ ቁጥሮች መካከል ድልድይ ከሌለ አንድን ሰው ከተያዘበት ሰዓት እስከሚፈታበት ወይም እስከሚፈረድበት ቀን ድረስ መከተል አይቻልም። ሕገ መንግሥቱ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዛል። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 59 ለምርመራ የሚሰጠው ጊዜ በእያንዳንዱ ጊዜ ከ14 ቀን እንዳይበልጥ ይወስናል፤ ስንት ጊዜ ሊሰጥ እንደሚችል ግን ወሰን አላስቀመጠም። እያንዳንዱ ትእዛዝ ለብቻው ሲታይ ሕጋዊ ነው። ትእዛዞቹ በአንድ ሰው ላይ ተደማምረው ስንት ቀን እንደሆኑ የሚነግረን፣ ሰውን የሚከተል ቆጠራ ብቻ ነው።

እንግዲህ ምን እንቁጠር? የእኔ መልስ ቀጠሮን እና ምክንያቱን የሚል ነው። ይህን እንድል ካደረጉኝ ማስረጃዎች አንዱ ከጎረቤታችን ከኬንያ የመጣ ነው። የኬንያ ፍርድ ቤቶች በየችሎቱ በየዕለቱ የሚሞላ ቅጽ አላቸው፤ ምን ጉዳይ ቀረበ፣ ምን ተወሰነ፣ ቀጠሮ ከተለወጠስ በምን ምክንያት የሚል። ተመራማሪዎች በዚህ መረጃ ተጠቅመው አገር አቀፍ ሙከራ አደረጉ። ፍርድ ቤቶቹ በዕጣ ተከፋፈሉ። ለአንዱ ክፍል የራሳቸውን ዋና ዋና የመጓተት ምክንያቶች የያዘ አጭር ሪፖርት ተሰጣቸው። ለሌላው ክፍል ይኸው ሪፖርት ለፍርድ ቤቱ ብቻ ሳይሆን፣ ጠበቆች፣ ፖሊስ፣ ዐቃቤ ሕግና የአካባቢው ሰዎች ለሚሰበሰቡበት የፍርድ ቤት ተጠቃሚዎች ኮሚቴም ደረሰ። የቀሩት ምንም አልተሰጣቸውም። መጓተቱ አንድ አምስተኛ ያህል የቀነሰው ኮሚቴዎቹ ሪፖርቱን ባዩባቸው ፍርድ ቤቶች ነው።

የዚህ ምክንያቱ ለእኔ ግልጽ ነው። ወደዚያች እናት መዝገብ እንመለስ። ከአራቱ መተላለፎች በፍርድ ቤቱ ቅጥር ግቢ ውስጥ የተፈጠረው አንዱ ብቻ ነው። መጥሪያ ያላደረሰው አንድ አካል ነው፤ የደመወዝ መግለጫውን ያልላከው ሌላ መሥሪያ ቤት ነው። ዳኛውን ብቻ ገምግሞ እነዚህን ማረም አይቻልም። መጥሪያ አድራሹም፣ መልስ ያልሰጠው መሥሪያ ቤትም፣ ዐቃቤ ሕጉም ባሉበት ጠረጴዛ ላይ ወረቀቱ ሲቀመጥ ግን ምክንያቱ ባለቤት ያገኛል።

ቅጹን ለማዘጋጀት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ቀደም ሲል የጠቀስሁት የሥነ ሥርዓት ሕግ በቁጥር 94 ላይ የወንጀል ጉዳይ ቀጠሮ የሚለወጥባቸውን ምክንያቶች ዘርዝሯል፤ ዐቃቤ ሕግ አለመቅረብ፣ ተከሳሽ አለመቅረብ፣ ምስክር አለመቅረብ እያለ ይቀጥላል። ሕግ አውጪው ከ60 ዓመት በፊት የሠንጠረዡን ዐምዶች ሰጥቶናል ብል ማጋነን አይሆንም። እኛ ግን ትእዛዙን «ለተለዋጭ ቀጠሮ» ብለን ጽፈን፣ ምክንያቱን በመዝገቡ ውስጥ ቀብረን እናልፈዋለን።

ቁጥር በራሱ እንደማይናገር ግን ለወጣት ተመራማሪዎቻችን ማስጠንቀቅ አለብኝ። እ.ኤ.አ. በ2011 በእስራኤል የአመክሮ ቦርዶች ላይ የታተመ ጥናት 1,112 ውሳኔዎችን መርምሮ፣ ለታራሚው የሚደላ ውሳኔ በእያንዳንዱ የሥራ ክፍለ ጊዜ መጀመሪያ 65 በመቶ ገደማ እንደነበር፣ ዳኞቹ ለምግብ ከመነሣታቸው በፊት ወደ ዜሮ እንደሚወርድ፣ ከዕረፍት በኋላም ተመልሶ እንደሚወጣ አሳየ። የተራበ ዳኛ ጨካኝ ነው የሚለው ወሬ ዓለምን ዞረ። ብዙ ሳይቆይ ሌሎች ተመራማሪዎች የጉዳዮቹ ቅደም ተከተል በዕጣ የሚወጣ አለመሆኑን አመለከቱ፤ ጠበቃ የሌላቸው ታራሚዎች በአብዛኛው የሚቀርቡት በክፍለ ጊዜው መጨረሻ ላይ ነበር። ይህን ለማወቅ የሚያስፈልገው ጉዳዮቹ በየዕለቱ እንዴት እንደሚደረደሩ ሠራተኞቹን መጠየቅ ነው። ስለዚህ ተማሪዎቼን ወደ ፍርድ ቤት ስልክ ሬጅስትራሩን ሳያነጋግሩ ሠንጠረዥ እንዳይከፍቱ እለምናቸዋለሁ።

የዳኝነት ነፃነት ጥያቄም አለ። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣችው ሕግ የዳኞችን ማንነት ተጠቅሞ የሥራ ልማዳቸውን መተንተንና ማወዳደርን እስከ አምስት ዓመት እስራት በሚያስከትል ቅጣት ከልክላለች። እኔ እስከዚያ አልሄድም፤ የአደባባይ ሥራ ነውና። ሆኖም የመዘግየት ምክንያት በችሎትና በፍርድ ቤት ደረጃ ይታተም እንጂ የዳኞች ደረጃ ሰንጠረዥ አይውጣ እላለሁ። ዳኛ በቁጥር ሲሯሯጥ መጀመሪያ የሚያጥረው የፍርዱ ትንታኔ ነው፤ ይህንንም ከይግባኝ መዛግብት ላይ ማየት ይቻላል።

አንድ ነገር ጨምሬ ላቁም። የዚያችን እናት መዝገብ ከመመለሴ በፊት ሠራተኛዋን፣ ከሳሿ ለምን እንደ ቀረች የሚገልጽ ነገር ይኖር እንደሆነ ጠይቄአት ነበር። ቅጹን ገልጣ አሳየችኝ፤ ለዚያ የተተወ ቦታ አልነበረውም። የቀረውን ጊዜ ለጥያቄዎቻችሁ እተዋለሁ።